ለወላጅ ኮሚቴ ሥልጠና የሚወጣው ብር ከየት መጥቶ የት ይገባል?

ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ስለቀረሁ ነው።

የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆችን ጠቅላላ ጉባኤ የጠራው በሥራ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። በድሬ ፀሐይ በስምንት ሰዓት ማን ይወጣል አቦ? የወጡት ጥቂት ሰዎች ራሳቸውን መምረጥ ስላልፈለጉ ያልመጣነውን መረጡን። በማግስቱ ልጄ የታጠፈ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ "ተመርጠሃል" አለኝ።

ከዚያ ዓመቱ ሙሉ ዝም። ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ሥልጠና አለ ተባልኩ። ሁለት ቀን ተቀመጥን። ቬንትሌተሩ ይንጫጫል፣ አሰልጣኙ ግድግዳ ላይ የበራውን ያነባል፣ እኛ በተሰጠን ወረቀት ራሳችንን እናራግባለን። በመጨረሻ ፈርመን ብራችንን ተቀበልን። ማታ ለሰፈሬ ባለሱቅ ይህን ሳወራው አፈጠጠብኝ። "የልጆቹ ወንበር ተሰባብሮ እናንተ ለመቀመጥ ይከፈላችኋል? ያውም ከኛ ግብር?"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ግን ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ሰው አስቸገርኩ። የገባኝን ልንገራችሁ።

ኮሚቴው ማነው? ቦርዱስ?

በወረቀት ላይ ስሙ ወመተህ ነው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ማለት ነው። ድሮ "ተ"ዋ አልነበረችም፣ ወመህ ነበር የሚባለው፣ ተማሪዎች የተጨመሩት በኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ወመተህ የሚል ሰው አልሰማሁም። "የወላጅ ኮሚቴ" ነው የሚባለው፣ እኔም እንዲሁ ልቀጥል።

ከሱ ከፍ ብሎ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። ይሄ በቀበሌው ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ከላይ ሆኖ የሚያይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራውም የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ኮሚቴው በአንድ ትምህርት ቤት ጊቢ ውስጥ፣ ቦርዱ በቀበሌ ደረጃ ብላችሁ ያዙት።

ሁለቱም ትናንት የመጡ አይደሉም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ወደ ታች ይውረድ አለ። ከዚያ በ1994 ትምህርት ሚኒስቴር ስሙ እስትንፋስ የሚያስቆርጥ መመሪያ አወጣ፣ "የትምህርት አደረጃጀት፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ" የሚል። በትምህርት ሰዎች ዘንድ በሽፋኑ ቀለም ሰማያዊው መጽሐፍ ነው የሚባለው። ኮሚቴው የትምህርት ቤቱን ዕቅድና በጀት ያያል፣ ከኅብረተሰቡ መዋጮ ያሰባስባል፣ ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ለመመለስ ይሮጣል፣ የመምህራን ሥነ ምግባር ጉዳይ ሲነሳ ይወያያል፣ ብሩ በምን ላይ እንደወጣ ይከታተላል የሚለው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

አንዳንድ ሰው "ስኩል ቦርድ" ሲባል በቪዲዮ ያየውን የአሜሪካኑን ያስባል። የዚያኛው ሥልጣን ሌላ ነው። አባላቱ በአብዛኛው በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ፣ የአካባቢውን የትምህርት ኃላፊ ራሳቸው ይቀጥራሉ፣ ራሳቸው ያሰናብታሉ። ስለዚህ በብዙ ግዛቶች ሥልጠና ግዴታ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ለምሳሌ አዲስ የተመረጠ የቦርድ አባል በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት ይላል ሕጉ። ሥልጠናውን በብዛት የሚሰጡት የቦርዶቹ ማኅበራት ናቸው፣ ማኅበራቱም ከትምህርት ወረዳዎች በሚከፈል መዋጮ ይኖራሉ። መዋጮው ደግሞ የግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ የባለሱቁ ጥያቄ እዚያም ይጠየቃል።

እድር ማን አሠለጠነው?

የባለሱቁ ወዳጄ ሁለተኛ ጥያቄ ይሄ ነበር። "እድራችንን ማን አሠለጠነው? ሐረር ያሉትን አፎቻዎችስ? ስንት ዘመን ያለ አሰልጣኝ ሲሠሩ!" አፎቻ የሐረሪዎች እድር በሉት። እውነቱን ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ በስብሰባው ቀን ደብተሩን ይዞ ይቆማል። አንድ ድስት ቢጠፋ እንኳ ማን ቤት እንደቀረ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የእድር ብር ስም የለውም። መዋጮው አንድ ላይ ይገባል፣ ድንኳን ይገዛበት ወይስ ለሐዘንተኛ ይሰጥ አባላቱ ተስማምተው ይወስናሉ። የመንግሥት ብር ግን ስም ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። ለጽሕፈት መሣሪያ የተያዘው ለአጥር አይሆንም። ማዛወር ከተፈለገ ተጽፎ፣ ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ ነው። ይህን የማያውቅ ወላጅ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። ዳይሬክተሩ "ይሄኛውን ብር ለአጥር መንካት አልችልም" ሲለው ሌባ ነው ብሎ ይጠረጥረዋል፣ አለዚያ ደግሞ ዳይሬክተሩ ሳይጠይቅ ሲያዛውር ምንም አይመስለውም።

ሌላው ወረቀቱ ነው። ሞዴል 19 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ እስከዚያ ሥልጠና ድረስ አላውቅም ነበር። ዕቃ ወደ መንግሥት ንብረት ክፍል ሲገባ የሚቆረጠው ደረሰኝ ነው። ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። ሁለት ቁጥር። በሁለት ቀን ውስጥ ከተነገረኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ይሄ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም፣ ግን በኋላ እንዳየሁት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር።

ከኛ ጋር የሠለጠነች ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት አለች። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ የተገዛውን ወረቀትና ጠመኔ ዘርዝሮ አነበበ። ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። እሷ ግን "አሥራ ዘጠኙን አሳየን" አለች። ተፈልጎ መጣ። የገባው ዕቃ ከተከፈለበት ግማሹ ያህል ሆኖ ተገኘ። የሰረቀ ሰው አልነበረም፣ ነጋዴው "ቀሪውን አመጣለሁ" ብሎ ቀርቶ፣ ትምህርት ቤቱም ረስቶት ኖሯል። ዕቃው በሳምንቱ መጣ።

እኛ ድሬዎች አንቱታ አንወድም፣ ዳይሬክተሩንም "አንተ" ነው የምንለው። ከውጭ ለሚያየን ደፋሮች እንመስላለን። "አንተ" ማለትና "ወረቀቱን አሳየኝ" ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ሁለተኛውን ለማለት ወረቀቱ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለሥልጠናው የሚወጣው ብር በጎ ጎኑን ካየነው የሚገዛው ይሄንን ነው።

እሺ፣ ብሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ከአንድ ቦታ አይደለም። ድሬዳዋ በ1996 በወጣው ቻርተር የምትተዳደር ከተማ ናት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ነው። በጀቷ ከራሷ ገቢና ከፌዴራል ከሚመጣ ብር ይሰበሰባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል፣ ከዚያ ለትምህርት የሚሆነው ይከፋፈላል። ለትምህርት ከሚመደበው መደበኛ በጀት ውስጥ ትልቁን የሚውጠው ደመወዝ ነው። መምህር ሳይከፈለው ሌላ ነገር አይታሰብም። ከደመወዝ የተረፈችው ትንሽ ቁራጭ ለውሃና መብራት፣ ለወረቀት፣ ለጥገና፣ ለፈተና ትሻማለች። ሥልጠና የምትኖረው እዚህች ቁራጭ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው በተማሪ ቁጥር እየተሰላ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ድጎማ ነው። ይሄ በደንብ የታወቀው በ2001 ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር ነው፣ የዓለም ባንክ፣ እንግሊዝ፣ ፊንላንድና ሌሎችም ገንዘብ ያወጡበት። ትምህርት ቤቱ ድጎማውን የሚያወጣው በመሻሻል ዕቅዱ መሠረት ነው። ዕቅዱ አራት ምሰሶዎች አሉት፣ መማር ማስተማር፣ የትምህርት ቤቱ ጊቢና አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ኮሚቴ ማሠልጠን የሚገባው መጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ነው። "የፈረንጅ ብር ነው፣ ከኛ አልወጣም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ከፊሉ ብድር መሆኑን ንገሩት። ብድር የሚከፈለው በልጆቻችን ግብር ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያገኘው የውስጥ ገቢ ነው፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ ክበብ፣ የወላጅ መዋጮ። አራተኛው የተራድኦ ድርጅቶች ናቸው። እነሱ ሲመጡ ሥልጠናው ደመቅ ይላል፣ ሻይና ኩኪሱም እንዲሁ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን አብሮ ያልቃል።

ታዲያ በበጀቱ ላይ "ለኮሚቴ ሥልጠና ይህን ያህል" የሚል መስመር ለምን አይታይም?

ስለሚበተን ነው። ለዓመታት በተሠራበት የመንግሥት የሒሳብ አመዳደብ እያንዳንዱ ወጪ ቁጥር አለው። የአገር ውስጥ ሥልጠና 6271 ነው። ውሎ አበል 6231። ትራንስፖርት 6232። መስተንግዶ 6233። ለሠልጣኙ የሚታደለው ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ ከቢሮ ዕቃ፣ ከ6212 ሊወጣ ይችላል። የዶሮ ወጥ ዋጋ ስንት ነው ብትሉኝ ዶሮው ከአንድ ሰው፣ ሽንኩርቱ ከሌላው፣ ቅቤው ከገጠር ተገዝቶ ደረሰኙ ሦስት ቦታ እንደመቅረቱ ነው። ጠቅላላውን ማወቅ የፈለገ ሰው ቁጥሮቹን ሰብስቦ መደመር አለበት። ይሄ ተንኮል አይደለም፣ ሒሳቡ ሲሠራ የታሰበው "ምን ተገዛ" ብሎ ለመመዝገብ እንጂ "ለማን ጥቅም" ብሎ ለመመለስ አይደለም። ውጤቱ ግን ባለሱቁ ወዳጄ ሲጠይቅ አንዲት ቁጥር ጠቁሞ የሚያሳየው ሰው ማጣቱ ነው።

ለምን ሰኔ ላይ?

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። በዓመቱ ያልተሠራበት የመንግሥት ግምጃ ቤት ብር ተመላሽ ይሆናል። ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ "አልሠራችሁበትም" ይባላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠይቅም አፉ ያጥራል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ቶሎ የሚያልቅ ወጪ ይፈለጋል። ግንባታ በሦስት ሳምንት አያልቅም። ጨረታም ጊዜ ይበላል። ሥልጠና ግን አዳራሽ፣ አሰልጣኝና የስም ዝርዝር ካለ በሁለት ቀን ያልቃል። ድጎማውም ቢሆን ዘግይቶ የሚለቀቅበት ጊዜ ስላለ ነገሩን ያባብሰዋል።

የትምህርት ዓመቱ ግን መስከረም ላይ ነው የሚጀምረው። ኮሚቴ ዕቅድ የሚያየው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔን ያሠለጠኑኝ ልጆቹ ካርድ ሊቀበሉ ሲሉ ነው። በዓመቱ ውስጥ ባገለገልኩባቸው ወራት ምንም ሳላውቅ እጄን አወጣሁ፣ ሳውቅ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ክረምቱን በሙሉ ሞዴል 19ን እያሰብኩ አሳለፍኩት ማለት ነው። አንዳንዱ አባል እንዲያውም የአገልግሎት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ነው የሚሠለጥነው። ብሩ ወጥቷል፣ ሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል አባላት ሠለጠኑ" ተብሏል፣ ኦዲተር ቢመጣም ደረሰኙ የተሟላ ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ ምንም ያልሆነበት ሥራ።

አበሉ ለምን ያስፈልጋል?

የኔ ወረቀት ላይ የሚለው "ትራንስፖርት" ነው። ውሎ አበል በደንቡ ከሥራ ቦታው ርቆ ለሚውልና ለሚያድር ነው፣ እዚሁ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ለመጣ ሰው አይደለም። በሰው አፍ ግን ሁሉም አበል ነው።

መምህሩ ሥልጠና ላይ ሲውል ደመወዙ አይቆረጥም። የቀፊራዋ እናት ግን ጉልቷን ዘግታ ነው የምትመጣው። ያን ቀን ያልሸጠችው ቲማቲም በድሬ ሙቀት እስከ ማግስት አይቆይላትም። ባጃጅ ነጂውም እንደዚሁ፣ ለባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ማስገባት አለበት። ምንም ካልተከፈለ ኮሚቴው ውስጥ የሚቀሩት ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። በሌላ በኩል ብሩ ከፍ ካለ ለአበሉ ብሎ የሚመጣ ይበዛል፣ የስም ዝርዝሩም ለወዳጅ ዘመድ ይሆናል። ሁለቱንም ዓይቻለሁ። ለኔ ሚዛን የሚመስለኝ የመጣው ሰው ከኪሱ የማይጎድልበትን ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ነገሩ ይበላሻል።

ገጠር ቀበሌዎች ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። ድሬዳዋ ማለት ከተማው ብቻ አይደለም። ዋሂል፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳ አለ። ከዚያ የሚመጣ ወላጅ መኪና መጠበቅ አለበት፣ አንዳንዴም ማደር። ደግሞ ቋንቋው። ድሬ ውስጥ ልጆች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ። ሥልጠናው በአማርኛ ብቻ ከሆነ ገጠር ያለው አባል ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ፈርሞ፣ ባዶውን ይመለሳል። በሦስት ቋንቋ ይሁን ከተባለ አሰልጣኝም ወረቀትም ይጨምራል። "ለምን ይሄን ያህል ብር?" ሲባል ትክክለኛ መልስ ያለው አንዱ ቦታ እዚህ ነው።

ግን ይጠቅማል ወይ?

አገራችን ውስጥ ጥያቄው የጠነከረው በውጤቱ ምክንያት ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፣ ያም ቢሆን አሥር ተማሪ ቆሞ አንዱም ሙሉ አላለፈም ማለት ነው። ሰው "ኮሚቴ ማሠልጠን ይሄን ይለውጣል?" ቢል አይፈረድበትም።

ሌላ አገር ተሞክሮ የተለካ ነገር አለ። ጋምቢያ ውስጥ ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዱ ወገን ድጎማና የአመራር ሥልጠና አብሮ ተሰጠ፣ ለሌላው ድጎማ ብቻ፣ ለሦስተኛው ምንም። ሥልጠናው ለዳይሬክተሩ ብቻ ሳይሆን ለመምህራንና ለኅብረተሰቡ ተወካዮችም ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲታይ ሥልጠና ባገኙት ትምህርት ቤቶች የመምህርና የተማሪ መቅረት ቀነሰ። የፈተና ውጤት ግን በአማካይ አልተነቃነቀም። ትንሽ የተሻለ ምልክት የታየው ማንበብና መጻፍ የሚችል ወላጅ በበዛበት አካባቢ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችን ማሠልጠን ለብቻው ብዙም አልፈየደም። የሠራው የኮሚቴው አባላት በግልጽ ምርጫ ሲመረጡና ኮሚቴው ከመንደሩ ምክር ቤት ጋር ሲያያዝ ነው።

የኔን አመራረጥ አስታውሱ እንግዲህ። በሌለሁበት!

ሥልጠናው ርካሽና የተሻለ የሚሆንበት መንገድ ካለ ያው እጃችን ላይ ያለው ይመስለኛል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት የተቧደኑ ናቸው፣ ለየጉድኝቱም ሱፐርቫይዘር አለ። ሱፐርቫይዘሩ በመስከረም መጨረሻ አንድ ከሰዓት መጥቶ፣ የትምህርት ቤቱን የራሱን ዕቅድና የራሱን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ "ይሄ ምንድነው? ይሄስ?" ቢል አዳራሽ አያስፈልግም፣ ኩኪስም አያስፈልግም። አሁን በብዛት የሚደረገው ግን ከላይ አንድ ሰው ይሠለጥናል፣ እሱ ሌላውን፣ ሌላው ደግሞ እኛን። በእንስራ ውሃ ከምንጭ ተነስቶ በሦስት ሰው እጅ ሲቀባበል ቤት እስኪደርስ እንደሚጎድለው፣ እኛ ጋ የደረሰው ጉንጭ የማይሞላ ነበር።

ወላጅ ሆኜ ምን ልጠይቅ?

ኮሚቴ ውስጥ ባትሆኑም በጠቅላላ ጉባኤው ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዘንድሮ ለኮሚቴና ለቦርድ ሥልጠና ስንት ተያዘ፣ ከድጎማው ነው ከውስጥ ገቢው? በየትኛው ወር ይሰጣል? እነማን ሄዱ፣ በምን ቋንቋ ተሰጠ? ከሥልጠናው በኋላ ኮሚቴው ስንት ጊዜ ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባኤውስ የታለ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም አበል የተፈረመበት ወረቀት ሁሌም አለ፣ ቃለ ጉባኤው ግን አንዳንዴ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ስነግረው ሚዛኑ ላይ ስኳር እየጨመረ ሰማኝ። በግማሹ ተስማማ፣ በግማሹ አልተስማማም። "ሰኔ ላይ መሆኑ ግን ዘረፋ ነው" አለ። ዘረፋ አይደለም አልኩት፣ የቀን መቁጠሪያ ነው። "ለኔ አንድ ነው" አለ።

የዘንድሮው ጉባኤ የተጠራው ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ እንዲቀየር ስንት ተጨቃጭቀን። ባለሱቁም እመጣለሁ ብሏል። ካልመጣ እንመርጠዋለን።